አሮጌዋ መኪናዬና እማማ ዘነበች

መኪናዬ በያዝኳት ዓመታት ሁሉ መንገድ ላይ ያስቀረችኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። ጊዜው ባለፈው ዓመት መስከረም ሲገባደድ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ያን ቀን ይረግመው ይሆናል፤ እኔ ግን ባስታወስኩት ቁጥር ሆዴ ይባባል።

መኪናዋ ሃይብሪድ ናት፤ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ። እኔ እጅ ስትገባም አሮጌ ነበረች። "ትልቁ ባትሪ የሞተ ቀን ጉድ ትሆናለህ፤ ቶሎ ሽጣት" ያላለኝ ሰው የለም። እኔ ግን ዘይቷን በጊዜው እየቀየርኩ፣ ፍሬኗን እያሳየሁ፣ ባትሪዋን በኮምፒውተር እያስመረመርኩ አብረን ዘለቅን።

የባለቤቴ እናት እማማ ዘነበች የሞላሌ ሰው ናቸው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸው ለዓመታት ሰው የሚለዩት በድምፁ ነበር። አዲስ አበባ እኛ ዘንድ መጥተው ታከሙ፤ ኦፕራሲዮኑም ተሳካ። ፋሻው ሲነሳ የልጃቸውን ፊት በሁለት መዳፋቸው ይዘው ሲያዩ እኔም እንባዬን መያዝ አልቻልኩም።

ትንሽ አገግመው ይሄዳሉ ስንል ከሞላሌ ስልክ ተደወለ። ባለቤታቸው አባባ ደምሴ ታመው ተኝተዋል፤ ነገሩም ደህና አይመስልም።

እማማ ይህን ሲሰሙ ብድግ አሉ። "ዓይኔ የበራው እሱን ሳላየው ልቀር ነው?"

ባለቤቴ ከሥራዋ ፈቃድ ስላላገኘች እኔ ላደርሳቸው ወሰንኩ። በማግስቱ ጠዋት ተነሳን። እማማ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጓዛቸውን ከኋላ ወንበር ደረደርኩት፤ ከላዩም ሲመጡ ለብሰውት የነበረውን ከባድ የሱፍ ባና ጣል አደረግሁበት።

ሐኪም ያዘዘላቸውን ጥቁር መነጽር አድርገው መንገዱን ሁሉ ሲያዩ፣ ሲደነቁ ሄዱ። ጣርማ በር ላይ ወደ መንዝ ስንታጠፍ "ሰዉ ሁሉ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰው እንዴ!" ብለው አሳቁኝ።

አንዱን ዳገት ጋመስ እንዳደረግን ግን፣ "ልጄ፣ ይቺ ቀይ ነገር ምንድን ናት?" አሉኝ።

የእኔ ዓይን መንገዱ ላይ ነበር። ከመሪው ጀርባ ቁልቁል ሳይ ቀይዋ የአደጋ ምልክት በርታለች። ከሥሯም ባትሪው ግሏል የሚል ጽሑፍ አለ። ወዲያው መኪናዋ ጉልበት ከዳት። ዳር አስይዤ አጠፋኋት።

ኮፈኑን ከፍቼ አየሁ። ውሃውም ዘይቱም ደህና ነው። መካኒኬ ጋ ልደውል ስል ኔትወርክ የለም። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየወጣ መንገዱን መሸፈን ጀመረ። ሰዎቹ ያሉት ደረሰ፣ ባትሪው ሞተ ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

በዚህ መሐል ወደ መሐል ሜዳ የሚሄድ ሚኒባስ መጣ። ሹፌሩ ሁኔታችንን አይቶ ቆመ። "ጋቢና ላይ አንድ ቦታ አለኝ፤ እናትን ሞላሌ አወርዳቸዋለሁ" አለኝ።

"እማማ፣ እርስዎ ይሂዱ። አባባ ይጠብቁዎታል" አልኳቸው።

"አንተስ?"

"እኔ እደርሳለሁ።"

ሚኒባሱን አዩት። ከዚያ ዞረው እኔን አዩኝ። "ሐኪም ቤት እጄን ይዘህ ያስገባኸኝ አንተ ነህ። ደምሴ ልጁን ዱር ጥዬ እንደመጣሁ ቢሰማ በታመመበት ይቆጣኛል። ሹፌሩን ይሂድ በለው።"

ለመንኳቸው። ሹፌሩም ለመናቸው። አልሰሙንም። ሚኒባሱ ሲሄድ ተናደድኩ፤ አባባ እሳቸው ሳይደርሱ ቢሞቱ ምን ይውጠኛል?

ብርዱ ሲጠና ባናውን ላለብሳቸው ከኋላ ወንበር አነሳሁት። ያኔ ነው ያየሁት። ከወንበሩ ጎን ያለችው ትንሽ ፍርግርግ በሱፍ ተወትፋለች። ትልቁ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም ማራገቢያው በዚያች ፍርግርግ በኩል በሚስብለት አየር ነው። ባናው አፍኖት ኖሯል።

"እማማ፣ መኪናዋ አልሞተችም! ታፍና ነው!"

"በእኔ ባና?" እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "ወይኔ ጉዴ! ንብረትህን ገደልኩብህ?"

"የጫንኩባት እኔ ነኝ እኮ። ደግሞም ትድናለች።"

ጣቴ ፍርግርጉ ውስጥ አልገባ አለኝ። እማማ ከነጠላቸው ጫፍ መፋቂያቸውን ፈተው ሰጡኝና አጠገቤ ጎንበስ አሉ። "እዚያች ጥግ አንዲት ክር ቀርታለች... አዎ፣ እሷን" እያሉ ያሳዩኛል። ሰው በድምፁ ይለዩ የነበሩት እማማ፣ ለእኔ ያልታየኝን ክር ይለቅሙ ነበር።

ከዚያ አራቱንም በር ከፍተን የመንዝን ንፋስ ለቀቅንባት። እኛ ባናውን አብረን ለብሰን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እማማ በለሆሳስ ይጸልያሉ። አንድ ጊዜ "አጠፋሁ ይሆን? ብደርስና ባላገኘውስ?" አሉ። እጃቸውን ያዝኩ።

በመጨረሻ ሳስነሳት ቀይዋ መብራት ጠፍታለች። ማራገቢያው በቀስታ ይነፍሳል። እማማ እልል አሉ።

ሞላሌ የደረስነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። አባባ ደምሴ አልጋ ላይ ናቸው፤ ከስተዋል፤ ግን አሉ። እማማ መነጽራቸውን አውልቀው አጠገባቸው ተቀመጡና የአባባን አገጭ ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው።

"አረጀህ እኮ" አሉ በመጨረሻ።

አባባ በደከመ ድምፅ፣ "ምን ላድርግ፣ አንቺ ሳታዪኝ ነው ያረጀሁት" አሉ።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔ ወደ ደጅ ወጣሁ፤ አለቅስ ነበርና።

አባባ በሕይወት የቆዩት ገብሱ ተወቅቶ እስኪገባ ድረስ ነው። እማማ እስከ መጨረሻዋ ቀን ፊታቸውን እያዩ አስታመሟቸው።

መኪናዋን አልሸጥኳትም። ዛሬም በዚያ ዳገት ሳልፍ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ። የማስበው ግን ስለ ባትሪው አይደለም። እናቴን ያጣሁት ነፍስ ሳላውቅ ነው፤ መልኳን አላስታውሰውም። ያን ቀን፣ እማማ ከጎኔ ቀርተው ያ ሚኒባስ በጉሙ ውስጥ ከዓይናችን ሲጠፋ፣ እናት ያለኝ ሰው ነበርኩ።