ገዳዩን ምን እንበለው?

የምተረጉመው ልብ ወለድ ውስጥ አንድ ቃል አስቸገረኝ። ባለሥልጣንን በፖለቲካ ምክንያት አድብቶ የሚገድል ሰው በአማርኛ ምን ይባላል? «ነፍሰ ገዳይ» ስለው የሰፈር ጠብ ይመስላል። «ገዳይ» ብቻ ስለው ደግሞ ፉከራ ፉከራ ይላል፤ ድሮ አንበሳ የጣለም ጠላት የጣለም በኩራት «ገዳይ» ይባል ነበርና። እዚህ ሐዋሳ እንዲህ ያለው ነገር ሲቸግረኝ የምጠይቃቸው ጡረታ የወጡትን የአማርኛ አስተማሪዬን ጋሽ ወልዴን ነው። ባጃጅ ይዤ ታቦር፣ ቤታቸው ሄድኩ።

ጥያቄዬን ነገርኳቸው።

«የሚገደለው ማነው?» አሉኝ።

«የወረዳ አስተዳዳሪ ነው። ከቢሮው ሲወጣ ይተኩሱበታል።»

«አባቴም የወረዳ አስተዳዳሪ ነበሩ። ከቢሮ ሲወጡ ነው የተገደሉት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስንት ዓመት ሳውቃቸው ይህን ነግረውኝ አያውቁም። ይቅርታ እየጠየቅሁ ልነሳ ስል ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝ።

«ተቀመጥ እንጂ፤ ቃል ፍለጋ አይደል የመጣኸው? ፍርድ ቤቱ ነፍሰ ገዳይ አለው። ጓዶቹ ታጋይ አሉት። እናቴ ደግሞ ስሙን አንድ ቀን ሳትጠራ ሞተች።»

«እርስዎስ ገዳዩን ምን ይሉት ነበር?» ከአፌ አመለጠኝ።

ይሄኔ ባለቤታቸው ሻይ ይዘው ገቡ። ጋሽ ወልዴ ወደ እሳቸው እያዩ ፈገግ አሉ።

«አባባ ነበር የምላቸው። ከእስር ሲፈቱ ሽማግሌዎች አስታረቁን፤ በዓመቱ ይህችን ልጃቸውን ዳሩልኝ።»