ሁለት ጊዜ ከደጄ የመለስኳቸው ሽማግሌ

ሰኞ ንጋት፣ ሮቤ

ጭጋጉ ገና ከአስፋልቱ አልተነሳም። ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ወደ ደሎ መና በሚሄደው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጫለሁ። የምሄደው ለልጅ ልጄ ለሂሩት ነው። ባሏ ውጭ አገር ነው፤ እሱ ዘንድ ለመሄድ ቪዛ አመልክታለች። ኤምባሲው ግን የሰርጓን ፎቶ አይቶ፣ ሙሽራዋ በሁሉም ላይ አንገቷን ደፍታለች፣ ተገዳ እንዳላገባች ማስረጃ አምጡ አለ። ጉድ በሉ! እኛ አገር ሙሽራ በሰርጓ ቀን ጥርሷን ታሳያለች?

ፎርም የሚሞላላት ሰውዬ፣ "ቬሎ ተከራይታ እየሳቀች እንደገና ትነሳ" ብሎ መከረ።

"ያኔ ያልሳቀችውን ዛሬ ትሳቅ? ውሸት ነው፤ አይደረግም!" አልኩት።

ያየ ሰው ይመስክር። ሽማግሌ ሆነው ሂሩትን ለጋብቻ የጠየቁን ሐጂ ቃሲም ያሉት ደሎ መና ነው። ስልካቸው እምቢ ሲለኝ ራሴ ተነሳሁ።

ረፋድ፣ ሳነቴ

ጎባ ላይ ትኩስ ፍርፍር በልተን ሽቅብ ወጣን። ሜዳው ውርጭ ለብሷል፤ ጅብራው እዚህም እዚያም ተገትሯል። ቀይ ቀበሮ መንገዱን አቋርጣ ሄደች። ሾፌሩ ጉዳዬን ሰምቶ ሳቀ።

"እማማ፣ የኔዋ በሰርጓ ቀን አልቅሳ ፊቷ አብጦ ነበር። አሁን የማለቅሰው እኔ ነኝ!"

ሐረና ጫካ ስንገባ ጠመዝማዛው መንገድ ወዲያና ወዲህ ያንገላታኝ ጀመር። አንድ ጎልማሳ የፊት ወንበሩን ለቀቀልኝ። ይባረክ።

ከቀትር በኋላ፣ ደሎ መና

ሙቀቱ ጋቢዬን አስጣለኝ። ሐጂ ማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

"አዴ አስካለ! አካም ጅርታ? ደህና ነሽ? ዛሬ ደግሞ ምን ልትከለክዪኝ መጣሽ?"

ነገሩን አስረዳኋቸው።

"ነገ አብሬሽ እወጣለሁ፣ ኢንሻአላህ። ከማልኩ ግን ሁሉንም ነው የምናገረው። ሁለቴ ከደጅሽ እንደመለስሽኝም።"

"እሱን እንኳ ይተዉት! ጋብቻውን የጠላሁ ይመስላቸዋል።"

"ፎቶ እንደገና መነሳት ውሸት ነው ያልሽው አንቺ አይደለሽ?"

ባለቤታቸው ማር በዳቦ አቀረቡልኝ፤ እዚያው አደርኩ።

ማክሰኞ፣ ሮቤ

እንደደረስን ቃል ወደሚሰጥበት ቢሮ ገባን። ሐጂ ምለው ጀመሩ።

"ሄደን ጠየቅን፤ አዴ አስካለ እምቢ አለች። ደገምን፤ እምቢ።"

ጸሐፊዋ ቀና አለች። "ታዲያ ማን እሺ አለ?"

"ልጅቷ ራሷ! በሦስተኛው ጊዜ አያቷ ልትከለክል አፏን ስትከፍት፣ ከጓዳ ወጥታ 'እማዬ፣ እኔ ወድጄዋለሁ' አለች። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ሰምተናል።"

"እውነት ነው እማማ?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"እውነት ነው። እኔ እምቢ አልኩ፤ እሷ እሺ አለች።"

"ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?" ብላ መጻፍ ጀመረች።

እኚህ አዛውንት ያን ሁሉ ዳገት ለእኛ ሲሉ ወጥተዋል፤ ፈጣሪ ዕድሜ ይጨምርላቸው። ቤት ስንገባ ሂሩት ክንዴን ያዘች።

"እማዬ፣ ያን ቀን ከጓዳ ባልወጣ ኖሮ?"

"እኔው ጋ ትቀሪ ነበር" አልኳት። "በይ አሁን ለሐጂ ውሃ አሙቂላቸው፤ ሶላታቸው ደርሷል።"