ዚሩ ውስጥ የገባው ቢራ

አሶሳ ባስተማርኩባቸው ስድስት ዓመታት ሻንጣዬን ሙሉ በሙሉ ፈትቼ አላውቅም። በየሴሚስተሩ መጨረሻ "የዘንድሮው የመጨረሻዬ ነው" እላለሁ፤ ባልደረቦቼም "አምናም ብለኸን ነበር" እያሉ ያሾፉብኛል። ከእኔ ቀድሞ አዲስ አበባ የተዛወረ ጓደኛዬ አንድ ጠርሙስ ቢራ ልኮልኝ ነበር፤ እዚያው አዲስ አበባ አንዲት ትንሽ መጥመቂያ በቤልጂጎች አጠማመቅ የሠራችው፣ እንደ ሻምፓኝ በቡሽ የታሸገ። "ዝውውርህ ሲመጣ ትከፍተዋለህ" አለኝ። አራት ወር አልጋዬ ሥር ተቀመጠ።

የዝውውር ደብዳቤው የመጣ ቀን መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። ጠርሙሱ ግሏል። መብራቱ እስኪመጣ መጠበቅ እችል ነበር፤ ግን እኔ መቼ ትዕግሥት ኖሮኝ ያውቃል? ግቢው ውስጥ ከማንጎው ሥር የአከራዬ ዚር አለ፤ ቤተሰቡም ተከራዩም የሚጠጣበት፣ ውሃ የሚያቀዘቅዝ ትልቅ የሸክላ ጋን። ግራ ቀኝ አየሁና ጠርሙሱን ቀስ አድርጌ ከተትኩት። ለግማሽ ሰዓት ነው፣ ደግሞም ታሽጓል፣ ማንስ ያያል እያልኩ ግቢውን ስዞር ቆየሁ።

አከራዬ፣ ሐጂ የምንላቸው የበርታ ሽማግሌ፣ ያን ቀን ከመስጊድ ቶሎ ተመለሱ። ውሃ ሊቀዱ ጣሳውን ሲያስገቡ ጠርሙሱን መታው። አውጥተው አገላብጠው አዩትና ዘረጉልኝ።

"ያንተ ነው" አሉ።

ከዚያ ሐጂ፣ ባለቤታቸው ጠዋት ከቦኖ ተሸክመው ያመጡትን ውሃ በሙሉ ማንጎው ሥር ደፉት።

"ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አልተከፈተም እኮ።"

"ስድስት ዓመት ከዚህ ጠጣህ" አሉ። "ውጭ ምን ትጠጣለህ ብዬ ጠየቅኩህ?"

"አልጠየቁኝም።"

ዚሩን አጥበው ፀሐይ ላይ ደፉት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ክፍሌን ዘግቼ ቢራውን ከፈትኩ። ጠቆር ያለ ነው፤ አረፋው ብርጭቆውን ሞልቶ ፈሰሰ። ቅርንፉድ የመሰለ ነገር ሸተተኝ። ስጎነጭ መጀመሪያ የበሰለ ሙዝ፣ ቀጥሎ ያረረ ስኳር፣ መጨረሻ ላይ ጉሮሮ የሚያሞቅ ምሬት። ጥሩ ቢራ ነው፤ እኔ ግን ጆሮዬ ግቢው ላይ ነበር። ቁጭ እላለሁ፣ ደግሞ ተነስቼ በመስኮት ዚሩን አያለሁ። ለጓደኛዬ ስደውል ሳቀብኝ። "ይሄኛው እኮ በጣም ከቀዘቀዘ ጣዕሙ ይጠፋል፤ ማን አቀዝቅዝ አለህ?" አለኝ። ግማሹን ደፋሁት።

አመሻሹ ላይ ሁለት ጀሪካን ውሃ ተሸክሜ መጣሁ። ሐጂ ጀሪካኖቹን ተቀብለው ጥግ አስቀመጡ። "ሸክላ የነካውን ይጠጣል። በደንብ ይድረቅ" አሉኝ። ሰላምታቸው አልተጓደለም፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ ዚሩ እንደተደፋ ነበር። ሐጂ እስከ በሩ ሸኙኝና አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሰጡኝ። ቀዝቃዛ ነው።

"ከጎረቤት ዚር ቀዳሁልህ" አሉ። "መንገድ ሩቅ ነው።"

እዚያው ቅርብ ያለችው ባምባሲ ሳንደርስ ውሃውን ጨረስኩት።