ባሌ ያየው ስህተት

ባሌ ሥራ አመራር ለሚማሩ ሰዎች የምርምር ዘዴ ማስተማር ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ተማሪዎቹ «ንስሩ» ይሉታል። ሁለት መቶ ገጽ የመመረቂያ ጽሑፍ ስጡት፤ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ፣ ሰባተኛው ሠንጠረዥ ውስጥ የተደበቀችውን የድምር ግድፈት ነቅሶ ያወጣታል። ተሳስቼ አላውቅም አይልም፤ ፊቱ ግን ይለዋል።

የራሱ የዶክትሬት ጽሑፍ ምዕራፍ ሦስት ላይ ከቆመ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። መጀመሪያ አማካሪው ሥራ ለቀቀ፤ ቀጥሎ ሊያጠናው የነበረው ድርጅት ተዘጋ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ምክንያት መቁጠር እኔም ተውኩ። ወረቀቱ ያለው እኔ የልብስ ንድፎቼን ከማስቀምጥበት ቁምሳጥን የላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከቤታችን የፊተኛዋ ክፍል ሱቄ ናት። ቁምሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር እሱ ፊቱን ያዞራል። በየዓመቱ በእሱ እጅ ያለፉ ሰዎች ዶክተር እየተባሉ ሲወጡ ደግሞ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ያጨበጭባል። የሰው ወርቅ አያደምቅ፣ ምን ያድርግ።

ከእነዚያ ሰዎች አንዷ ናት ነገሩን ያመጣችው። የመጀመሪያ ዲግሪዋን ስትማር መጠይቅ ማዘጋጀትን ሀ ብሎ ያስተማራት እሱ ነው። አሁን እዚያው ትምህርት ክፍል መምህርት ሆና፣ ዶክትሬቷን ልትጨርስ ጥቂት ቀርቷት ነበር። እቤት ስሟ «ልጅቷ» ነው። ራት ላይ ልጅቷ ሳትነሳ የምንበላበት ቀን የለም። ልጅቷ መጠይቋን ለሁለት መቶ አሥራ አራት ሠራተኞች አስሞላች። ልጅቷ የንድፈ ሐሳቡን ምዕራፍ በሁለት ወር ጨረሰች። ልጅቷ አዲስ ጫማ ገዛች። ጫማው ላይ ስንደርስ ሹካዬን አስቀመጥኩ።

አልደብቅም፣ ቀናሁ። ዕድሜዋ ሠላሳ ሦስት ነው፤ ወገቧ ደግሞ የእኔ የድሮ ወገብ ነው፣ ለክቼ ቀሚስ ሰፍቼላታለሁና አውቃለሁ። አንድ ጠዋት ገላውን ሲታጠብ ስልኩን በረበርኩ። ከእሷ የመጣው መልእክት በሙሉ ስለ ናሙና አመራረጥ ነው። እንዲህ ያለ ፍቅር ካለ ይቅርብኝ ብዬ ስልኩን መለስኩ። ከዚያ ወዲህ ስለሷ ሲያወራ ፊቱን ማየት ጀመርኩ፣ ቀስ እያለም ገባኝ። የሚመኘው ልጅቷን ሳይሆን ማዕረጓን ነው። ከሁለታችን የባሰው ቀናተኛ እሱ ኖሯል።

አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ኮምፒውተሯንና አንድ እቅፍ ወረቀት ይዛ መጣች። ዓይኗ አባብጧል።

«ጋሼ፣ ጉድ ሆኛለሁ» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ውጤቱ ካሰብኩት በተቃራኒው መጣብኝ።»

ጥናቷ ለእኔም የሚገባ ነገር ነበር። አለቃ ሠራተኛውን የሚሰማ ከሆነ ሠራተኛው ሥራውን አይለቅም ነው የምትለው፤ ይኼን ለማወቅ መማርም አያስፈልግ። ከአንድ ማሸጊያ ፋብሪካ የሰበሰበችው መልስ ግን ተደምሮ ሲወጣ፣ አለቃው በሰማ ቁጥር ሠራተኛው መልቀቅ ይፈልጋል አለ።

ባሌ መነጽሩን አድርጎ እያገላበጠ አየው። እስክሪብቶው ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያ ምንም እንዳላየ ቀጠለ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፣ የዚያችን እስክሪብቶ አቋቋም አውቃለሁ።

«እንግዲህ ዳታው ያለውን መጻፍ ነው» አላት። «ተመራማሪ ከውጤቱ ጋር አይጣላም።»

«ስህተት ይኖረው ይሆን ብዬ እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«የሠራሽው አንቺ ነሽ።»

ሻይዋን ጠጥታ፣ እኔንም «እትዬ፣ ተባረኩ» ብላኝ ሄደች። በሩን ዘግቼ ስመለስ ባሌ ብቻውን ይስቃል።

«ምን አየህ?» አልኩት።

ነገረኝ። ሠራተኞቹ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከአንድ እስከ አምስት ይሰጣሉ፤ አምስት ማለት በጣም እስማማለሁ ነው። ስለ አለቃው ከተጠየቁት ስድስት ጥያቄዎች ውስጥ ግን አራቱ በአሉታ የተጻፉ ናቸው፤ «አለቃዬ የምለውን አይሰማኝም» ዓይነት። እዚያ ላይ አምስት የሰጠ ሰው አለቃውን እያማ ነው እንጂ እያመሰገነ አይደለም። ስለዚህ ከመደመሩ በፊት አምስቱ ወደ አንድ፣ አንዱም ወደ አምስት መገልበጥ አለበት። ልጅቷ ሳትገለብጥ ደምራዋለች። ነገሩ እጅጌን የውስጡን ወደ ውጭ አድርጎ እንደ መስፋት ነው፤ ተሰቅሎ ሲታይ ልብስ ይመስላል።

«ታዲያ ለምን አልነገርካትም?»

«አልጠየቀችኝም።»

«ምን ልትጠይቅህ ነው የመጣችው?»

«ዶክተር ልትባል አይደል? እንግዲህ ዶክተር ራሷ ትፈልገው!»

ተው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እውነቱን ልናገር፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ያቺ ወገበ ቀጭን ፈታኞቿ ፊት ቆማ ስትንተባተብ ታየችኝና የጠጣችበትን ኩባያ እያጠብኩ ፈገግ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ባሌ ሌላ ሰው ሆነ። ሲላጭ ያንጎራጉራል። ከመደርደሪያው የራሱን ጽሑፍ አውርዶ አቧራውን አራግፎ ሁለት ገጽ ጨመረበት። ልጅቷ የተጠረዘውን ጽሑፏን በሰው ስትልክለት ግን አልከፈተውም። «ውስጡ ያለውን አውቀዋለሁ» ብሎ ስፌት መኪናዬ አጠገብ አስቀመጠው፤ እኔም የኪስ ቁራጭ እደረድርበት ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት ጽሑፏን የምትከላከልበት ቀን ደረሰ። ግራጫ ሱፉን ተኩሼለት አብረን ሄድን። ረጅም አዳራሽ ነው፤ ወንበሮቹ ይንቋቋሉ፣ ሦስቱ ፈታኞች ከፊት ውሃ ቀርቦላቸው ተቀምጠዋል። ባሌ መሐል ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ ተቀመጠ። ልጅቷ እኔ የሰፋሁላትን ቀሚስ ለብሳለች።

«መጀመሪያ ያገኘሁት ውጤት ዛሬ ከማቀርበው ተቃራኒ ነበር» ብላ ጀመረች። «ማመን ስላቃተኝ ፋብሪካው ተመልሼ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በምሳ ሰዓት ከሠራተኞቹ ጋር ተቀመጥኩ። አንዲት ካርቶን የሚያሽጉ እናት መጠይቁን እንደገና እንዲያነቡልኝ ለመንኳቸው። ‹አለቃዬ የምለውን አይሰማኝም› የሚለው ላይ ለምን አምስት እንደሰጡ ስጠይቃቸው፣ ‹አይሰማኝማ! ታዲያ ስንት ልስጠው?› አሉኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ የትኞቹን ጥያቄዎች ሳትገለብጥ እንደደመረች፣ እንዴት እንዳረመችው አንድ በአንድ አስረዳች። ስህተቱን ጽሑፏ ውስጥ አንድ ሙሉ ገጽ ሰጥታዋለች። ሽማግሌው ፈታኝ ያንን ገጽ ከፍ አድርገው እያሳዩ፣ ጥፋቱን እንዲህ የሚጽፍ ተማሪ ብዙ አልገጠመኝም አሉ። አለፈች። ሰዉ ሲያጨበጭብ ባሌም አጨበጨበ፤ መዳፎቹ ግን አይገናኙም ነበር።

ኮሪደሩ ላይ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ እየሳቀ መጣበት።

«ንስሩ! ይቺ ስህተት እንዴት አመለጠችህ? እሷ እኮ ለአንተ አሳይቼዋለሁ ብላኛለች። ዓይን ደከመ እንዴ?»

ልጅቷ ቶሎ ገባችለት። «ኧረ ጥፋቱ የእኔ ነው! ቅዳሜ ቀን፣ ዕረፍታቸው ላይ አጣድፌያቸው ነው። ጋሼ ደክሟቸው ነበር፤ ማንም ቢሆን ያመልጠዋል።»

«ይድከመው፣ መብቱ ነው» አለ ኃላፊው ትከሻውን መታ እያደረገ። «እንዲያውም ከሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ጀምሮ የምርምር ዘዴውን አዲሷ ዶክተር ትያዝልህና ትንሽ ዕረፍ።»

የባሌ ጆሮ ሲቀላ አየሁ። አፉን ሊከፍት ሲል ክንዱን ያዝኩ፤ አስለቀቀኝ። ቢዋረድ ይችለዋል፣ ቢታለፍ ለምዶታል። አላየም መባልን ግን አልቻለም።

«አላመለጠኝም!» አለ።

«ምን አልክ?»

«አላመለጠኝም አልኩ! ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ አራቱም ጥያቄዎች! ገና ወረቀቱን ሳይ ነው ያወቅኩት። እኔ ነኝ የሚያመልጠኝ?»

ኃላፊው ሳቁን አቆመ። በአጠገባችን የሚያልፉ ሰዎችም ዝግ አሉ። ካፍ የወጣ አፋፍ፤ ባሌ ምን እንዳለ የገባው ሁላችንም ከሰማነው በኋላ ነው።

«መቼ ነው ያዩት፣ ጋሼ?» አለች ልጅቷ በቀስታ።

«ያን ቀን... ቤት የመጣሽ ቀን።»

«አልቅሼ እንደመጣሁ እያዩ?»

ጥቂት አየችውና ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ፣ እርስዎም ያውቁ ነበር?»

የነገረኝ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው ልላት እችል ነበር፤ ውሸትም አይደለም። ግን ስልክ ቁጥሯ አምስት ሳምንት ሙሉ እጄ ላይ ነበር።

«አውቅ ነበር» አልኳት።