አንዲት ቃል ብቻ የቀረቻቸው ሰው

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ የተቀበለኝ የበርበሬ ሽታ ነው። ቤቱ ከመወረሱ በፊት የአንድ ነጋዴ የእህልና የበርበሬ መጋዘን ነበር። ነጋዴው ከሄደ ቆይቷል፤ በርበሬው ግን ከግድግዳው ጭቃና ከወለሉ ጣውላ ስንጥቅ አልወጣም። አንድ ሰው ተነስቶ በተራመደ ቁጥር ብናኙ ይነሳል፣ ሁላችንም እናስነጥሳለን። ዓይኔ እንባ ሞላ። የያዙኝ ያን ቀን ጧት፣ ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ የአዲስ አበባውን አውቶቡስ ስጠብቅ ነበር። ሻዬን አልጨረስኩትም። ስለ ሰሜኑ ጦርነት ክፉ ተናግረሃል አሉኝ። ተናግሬ ነበር።

"አስተማሪ ነህ አይደል?" አለኝ አንድ ድምፅ ከጥግ። "እዚህ ቤት በአፍንጫ አይተነፈስም። በአፍህ ሳብ። መጀመሪያ ያስቸግርሃል፣ ከዚያ አንተም በርበሬ ትሆናለህ።"

ሰዎቹ ሳቁ። እስር ቤት ውስጥ ሳቅ እሰማለሁ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

የተናገሩት ሰው ስድሳ ዓመት ግድም የሆናቸው፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ከከተማው ወጣ ብላ ካለችው ከሀቢቾ የመጡ ገበሬ ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ልጆቻቸው እዚያው አሉ። እኛ አባባ እንላቸው ነበር። አማርኛን የተማሩት በየገበያው ስለሆነ አንቱታ የሚባል ነገር አያውቁም፤ ዳኛውንም ሕፃኑንም አንተ ይላሉ። የታሰሩት ቤተ ክርስቲያናቸው በመንግሥት ትእዛዝ ከተዘጋ በኋላ ጎረቤት ሰብስበው ቤታቸው ውስጥ ዘምረዋል ተብለው ነው። መዘመራቸውን አልካዱም። እነማን አብረዋቸው እንደዘመሩ ግን አልተናገሩም።

ጨዋታ አዋቂ ነበሩ። አንድ ጊዜ በሬያቸውን ሊሸጡ ዳምቦያ ገበያ ድረስ ነድተው ሄደው፣ ገበያው መሃል ሲያዩት አሳዝኗቸው፣ ጭራሽ ጓደኛ የሚሆነው ሌላ በሬ ገዝተውለት ተመለሱ። ባለቤታቸው በራቸው ላይ ሁለት በሬ ቆሞ ሲያዩ ያሏቸውን እየደገሙ ሲነግሩን ከሳቁ ብዛት በርበሬው ይነሳል፣ ከዚያ ስናስል እንቆያለን።

ለምርመራ የወሰዷቸው አንድ ጧት ነው። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው "መጣሁ" ብለውን ወጡ። ቀትር ላይ ሁለት ጠባቂዎች ተሸክመው አመጧቸውና በሩ ሥር አስተኟቸው። በግራ በኩል፣ ከጆሯቸው በላይ፣ ጭንቅላታቸው አብጧል። ደሙ ብዙ አልነበረም። ደሙ ትንሽ በመሆኑ ደስ ብሎን እንደነበር አስታውሳለሁ።

አጠገቤ የሚተኛ አንድ የጉራጌ ባለሱቅ ነበር። ሙስሊም ነው፤ ሆሳዕና ገበያ ዳር ስላደገ ሀዲይኛን እንደ እናቱ ቋንቋ ይናገራል። በውድ ልትሸጥ ከሰል ሸሽገሃል ተብሎ ነበር የገባው። ቀኑን ሙሉ ሸሚዙን በውሃ እያራሰ እብጠታቸው ላይ ሲያደርግላቸው ዋለ።

በማግስቱ ዓይናቸውን ገለጡ። ቀኝ እጃቸው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ሄዷል።

"አባባ፣ እንዴት አደሩ?" አልኳቸው።

አዩኝ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። "ቆይ" አሉ።

ቆየሁ። ምንም አልተከተለም።

"ውሃ ላምጣልዎት?"

"ቆይ፣ ቆይ።"

ባለሱቁ በሀዲይኛ ጠየቃቸው። ለእሱም የመለሱለት ያችኑ የአማርኛ ቃል ነው። ሊሉ ያሰቡት ሌላ እንደነበር ፊታቸው ይናገራል። ከአፋቸው የወጣውን የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ጆሯቸውን ሰጥተው አዳመጡት። እንደገና ሞከሩ። ያችው ወጣች። ከዚያ በግራ እጃቸው አፋቸውን ሸፈኑ፣ እስከ ማታም እጃቸውን አላነሱም።

ዱላው ሲወርድባቸው "ቆይ ልንገርህ" ወይም "ቆይ አትምታኝ" ሊሉ ጀምረው ይሆናል። አላውቅም። ከዚያ ሁሉ ጨዋታ የተረፈቻቸው ያች ብቻ ናት።

የምንላቸው ይገባቸው እንደሆነም መለየት አቃተን። "ጣሳውን ያቀብሉኝ" ስንላቸው አንዳንዴ ያቀብሉናል፣ አንዳንዴ ጣሳውን ይዘው ዝም ብለው ያዩታል። ከመካከላችን አንዱ አእምሯቸው ሄዷል አለ። ባለሱቁ ተቆጣው። እኔ የማምነውን አላውቅም ነበር።

መርማሪው ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ወጣት ካድሬ ነው። ከቀናት በኋላ ወደ ክፍላችን መጣ። በርበሬውን ፈርቶ አፍንጫውን በመሀረብ ይዟል።

"ተነስ" አላቸው።

ባለሱቁ ብብታቸው ሥር ገብቶ አቆማቸው።

"እሺ፣ ዛሬስ? እነማን ነበሩ?"

"ቆይ።"

"እስከ መቼ ነው የምቆየው?"

"ቆይ፣ ቆይ።"

ከካድሬው ኋላ የቆመው ጠባቂ ሳቁ አመለጠው። ካድሬው የተቀለደበት መሰለው። በጥፊ መታቸው።

"ጓድ" አልኩ፤ ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር። "ታመዋል። ጭንቅላታቸውን ከተመቱ ወዲህ አንደበታቸው ተይዟል። ሐኪም ቤት ቢወሰዱ…"

"ሐኪም ነህ?"

"አይደለሁም። አስተማሪ ነኝ።"

"ምን ታስተምራለህ?"

"ጂኦግራፊ።"

"እንግዲያው ስለ ተራራ ስጠይቅህ ትነግረኛለህ" ብሎ ወጣ።

ፊታችንን እንድንታጠብ ጧት ጧት ወደ ግቢው ያወጡን ነበር። ከአጥሩ ባሻገር የጎረቤት እንሰት ይታያል፤ ዝናብ ያጠበው ቅጠል ፀሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። አንድ ጧት አባባን ግድግዳው ሥር አስቀምጠናቸው እየታጠብን ሳለ ዓይናቸውን ጨፍነው ማንጎራጎር ጀመሩ። መጀመሪያ ዜማ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ከዜማው ውስጥ ቃል ወጣ። አንድ፣ ሌላ፣ ከዚያ ሳይቋረጥ።

ባለሱቁ እጁን ከባልዲው አወጣ። "ያ ረቢ! ሀዲይኛ ነው" አለ። "መዝሙራቸው ነው። ወንዙ ሞልቷል፣ መሻገሪያውን የምታውቀው አንተ ነህ ይላል። ቃሉ ሙሉ ነው፤ አንድም አልተሰበረም።"

ሁላችንም ከበብናቸው። አባባ ዓይናቸውን ገልጠው የራሳቸውን ድምፅ ሰሙ። በተጣመመው አፋቸው ሳቁ፤ ሳቁና እንደገና ከመጀመሪያው ያዙት። ክርስቲያን ያልሆነውም ሀዲይኛ የማይሰማውም እኩል ደስ ብሎት ነበር። አንዱ ግንባራቸውን ሳመ። ዳኑ ብለን አመንን።

መዝሙሩ ሲያልቅ ባለሱቁ ቁጢጥ አለና፣ "አባባ፣ እስቲ የትልቁን ልጅዎን ስም ይንገሩኝ" አላቸው።

ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ጠበቅን።

"ቆይ" አሉ።

 ቃላቱ ከዜማው ጋር መጥተው ከዜማው ጋር ሄደዋል። እንዴት እንዲህ እንደሚሆን ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም፤ ባለሱቁ የአላህ ሥራ ነው አለ፣ ሌላው የሰይጣን ነው አለ።

ከዚያ ወዲህ በቀን ብዙ ጊዜ ይዘምሩ ነበር። መዝሙሩ ራሱ ያሳሰራቸው ነገር መሆኑን እናውቃለን። ቀስ ብለው እንዲሉት በምልክት እንለምናቸዋለን፣ ድምፃቸውን ይቀንሱና ተመልሰው ይረሱታል። ዝም ይበሉ ማለት ግን አልሆነልንም። ሌላ ምን ቀራቸው?

ካድሬው የተመለሰው ጠባቂዎቹ ነግረውት ነው። በዚህ ጊዜ አልጮኸም። ደክሞታል።

"ሲዘፍን ነበር አሉኝ" አለ። "የሚዘፍን አፍ ይናገራል።"

"ጓድ፣ እኛም አልገባንም" አልኩት። "ከመዝሙሩ ውጭ ግን አንዲት ቃል ብቻ ነው ያለቻቸው። ይሞክሯቸው። ስማቸውን እንኳ አይሉም።"

ትንሽ አሰበና ፊት ለፊታቸው ቁጢጥ አለ። መሀረቡን ከአፍንጫው አወረደ።

"ስማ ሽማግሌ" አለ ለስለስ ብሎ። "ስለ ሰዎቹ አልጠይቅህም። ስምህን ብቻ በል። ስምህን ካልክ አሁኑኑ ሐኪም ቤት እወስድሃለሁ።"

ከልቡ ነበር የተናገረው ብዬ አስባለሁ። ክፍሉ ውስጥ የሚያስነጥስ እንኳ ጠፋ። አባባ አፋቸውን ከፈቱ። የአንገታቸው ሥር ተገተረ፣ ግንባራቸው ላብ አወጣ። ከካድሬው ጀርባ ባለሱቁ ድምፅ ሳያሰማ የስማቸውን ፊደል በከንፈሩ እየሠራ ያሳያቸው ነበር። እኔም ሳላውቀው እንደዚያው እያደረግሁ ነበር። ሁላችንም አፋችን እየተንቀሳቀሰ ነበር።

"ቆይ" አሉ። ከዚያ አለቀሱ።

ካድሬው ተነሳ። "መዝሙር ሲሆን አፍ አለው፣ ስሙ ሲሆን ይጠፋበታል" አለ ወደ ጠባቂዎቹ ዞሮ። "ከዚህ ይወሰድ። ሌላ ቦታ ይናገራል።"

 በዓይኑ ያየውን ነው የተናገረው። እኔም ያየሁት ያንኑ ነው፤ ምን ብዬ እንደማስረዳው ግን አላውቅም ነበር። "ጓድ፣ እባክዎ" ብቻ አልኩ። ሁለት ጊዜ አልኩት መሰለኝ። በሩ ተዘጋ።

መኪናው የመጣው በማግስቱ ከምሳ በኋላ ነው። ሁለት ጠባቂዎች በሩ ላይ ቆመው "ውጣ" አሏቸው። አባባ ለትራስ የሚያደርጓትን አሮጌ ኮት ወሰዱና ተቀምጠው መልበስ ጀመሩ። የሞተውን እጅ በደህናው ይዘው እጅጌው ውስጥ አስገቡት። ልቆልፍላቸው ጎንበስ ስል እጄን በቀስታ ወደ ጎን አደረጉት። በግራ እጃቸው የመጀመሪያውን ቁልፍ ያዙ። አመለጣቸው። እንደገና ያዙት።

"ቶሎ በል አንተ ሽማግሌ!" አለ አንደኛው ጠባቂ።

አባባ ቀና ብለው አዩት።

"ቆይ" አሉት።

አልተደናገሩም፣ አፋቸውንም አልሸፈኑም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሉ የፈለጉትና ያሉት አንድ ሆነ። ጠባቂው ቆየ። ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛውሮ ቆመ፣ እሳቸው እስከ አንገታቸው ድረስ ያለውን ቁልፍ ሁሉ ቆለፉ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱ፤ እግራቸውን እየጎተቱ፣ ማንም ሳይደግፋቸው እስከ መኪናው ሄዱ።

ተመልሰው አልመጡም። የት እንደወሰዷቸው ጠይቀን የነገረን የለም።

እኔ ከወራት በኋላ ተፈታሁ። ለምን እንደተፈታሁ አልነገሩኝም። ሀቢቾ ሄጄ ባለቤታቸውን አገኘኋቸው። በራቸው ላይ በርጩማ አውጥተውልኝ በተሰባበረ አማርኛ ጠየቁኝ።

"ምን ይል ነበር?"

"ይዘምሩ ነበር" አልኳቸው።

"የትኛውን?"

ቃሉን ስለማላውቀው ዜማውን አንጎራጎርኩላቸው። አዳመጡኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ቦታ ላይ ተሳስቼ ነበር። ራሳቸው ከመጀመሪያው ይዘው፣ የተሳሳትኩበት ላይ ሲደርሱ ቀስ ብለው፣ እንዲህ ነው አሉኝ። ሌላ ይዤላቸው የሄድኩት ነገር አልነበረም።

ለብዙ ዓመታት አንድ መጽናኛ ነበረኝ። ያን ቀን ካድሬው የሚላቸው አልገባቸውም፣ ስማቸውን ቢሉ ሐኪም ቤት እንደሚሄዱ አልሰሙም እያልኩ ነበር የምጽናናው።

በቅርቡ ታላቅ እህቴን ስትሮክ መታት። ውሃ ስጡኝ ማለት አቃታት። በሦስተኛው ቀን አልጋዋ አጠገብ ሾርባ ይዤ ተቀምጬ ሳለ አቡነ ዘበሰማያትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደገመች። ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

የምታክማት ወጣት ዶክተር ኮሪደር ላይ አስረዳችኝ። "በአብዛኛው ሰው ንግግርን የሚያቀናጀው የአንጎል ግራ ክፍል ነው፣ ጋሼ" አለችኝ። "ያ ሲጎዳ ሐሳቡ እያለ ቃሉ ይጠፋል። ዜማና በቃል የተያዘ ጸሎት ግን ቀኙም ስለሚያግዝ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። አሁን አንጎል ሲሠራ በምስል ማየት ስለተቻለ ብዙ ነገር እየታወቀ ነው። በዜማ እያስጀመርን ንግግር ለመመለስ የምንሞክርበት ሕክምናም አለ። ለሁሉም አይሠራም።"

"እንዲህ የሆነ ሰው ሲያናግሩት ይገባዋል?"

"ይለያያል። ቃል ማውጣቱ ብቻ ያቃተው ግን አብዛኛውን ይገባዋል።"

"ስምህን በል ቢሉትስ?"

"ይገባዋል። ስሙንም ያውቀዋል። ማውጣቱ ነው እምቢ የሚለው።" አየችኝ። "እህትዎን ማለትዎ ነው?"

"አይደለም" አልኳት። 

አሁን እህቴ እኔ ቤት ናት። ጧት ጧት በረንዳው ላይ እንቀመጥና የልጅነት መዝሙሯን አስጀምራታለሁ፤ ከዜማው ውስጥ አንድ ቃል ለብቻው ለማውጣት ትታገላለች። አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን አይመጣም። ባለፈው ሳምንት ሊጠይቃት የመጣ ዘመዳችን አፏ ሲንቀሳቀስ ብዙ አይቶ ድምፅ ሲያጣ፣ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ "መናገር አትችልም ማለት ነው?" አለኝ።

"እየተናገረች ነው" አልኩት።

ዘመዳችን ወንበሩን ጠጋ አደረገ፣ ሁለታችንም ጠበቅናት።