እንግዳን የሚሞግት ጠፋ

«የሚቃወምሽ ሰው ሳታገኚ እንዳትመለሺ» ብለው ነበር አማካሪዬ የላኩኝ። ደብረ ታቦር ላይ የድህረ ምረቃ ተማሪዎች የፍልስፍና ጉባኤ ነበር፤ እኔም የመመረቂያ ጽሑፌን ሐሳብ ይዤ ከወልድያ ተነሣሁ። ሐሳቤ እንግዳ ለተቀበሉት ሰዎች ግዴታ የለበትም የሚል ነው፤ ቃል አልገባላቸውማ። ጽሑፉ አንድ ቦታ እንደሚያነክስ ሁለታችንም ጠርጥረናል፤ የቱ ጋ እንደሆነ ግን አላገኘነውም። ካልተገኘ ርዕስ መለወጥ ነው። የዓመት ልፋቴን ውኃ በላው ማለት ነው።

ገሳይ

ረፋድ ላይ ሚኒባሳችን ገሳይ ቆመ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ የጉና ተራራ ጉም ለብሶ አይታይም። የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ገዝቼ አጠገቤ ለተቀመጡት እናት አካፈልኳቸው።

«ወዴት ነሽ ልጄ?»

«ደብረ ታቦር፣ ለጉባኤ። ሐሳብ እናቀርብና እንከራከራለን።»

«ተጣልታችሁ ነው?»

«ኧረ አልተጣላንም፣ እማማ።»

«ታዲያ ምን አከራከራችሁ?» አሉና ድንቻቸውን መላጥ ቀጠሉ።

ደብረ ታቦር

ከመናኸሪያ በባጃጅ ጉባኤው አዳራሽ ደረስኩ። ከአዘጋጆቹ አንዱ የሆነው ታደለ ሻንጣዬን ተቀብሎ ከፊት አስቀመጠኝ። ከእኔ በፊት ያቀረበው የአገሩ ልጅ ነበር፤ ከድጃ የምትባል ተማሪ በጥያቄ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣችው። በደስታ እጄን አፋተግሁ። የእኔ ተራ ደረሰ፣ አነበብኩ፣ ጨረስኩ። ጭብጨባ ሆነ። «በጣም ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ እናመሰግናለን» አለች ያችው ከድጃ። ሌላ የተናገረ የለም።

ስንወጣ ታደለን ያዝኩት። «ምነው ዝም አላችሁኝ?»

«እርስዎ እንግዳችን ነዎት። ያን ሁሉ መንገድ መጥተው ደግሞ እንሞግትዎት?»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ስለ እንግዳ ጽፌ እንግድነቴ ጉድ ሠራኝ።

ምሳ ሲቀርብ ተነሣሁና የእጅ ማስታጠቢያውን አነሣሁ። ታደለ ሊቀማኝ ሮጠ። «ኧረ ነውር ነው!» አለ። ነውር ከሆነም ይሁን ብዬ ሁሉንም በየተራ አስታጠብኩ። ከድጃ እጇን እያራገፈች ሳቀች።

«አሁን የቤት ልጅ ሆንሽ። እንግዲያውስ ልንገርሽ፣ ሐሳብሽ አያስኬድም። ማስታጠቢያውን ለምን አነሣሽ?»

«እንድትከራከሩኝ ብዬ።»

«ልከራከርሽ ቃል ገብቼልሻለሁ?»

«አልገባሽልኝም።»

«አሁን ዝም ብልሽስ ትቀየሚያለሽ?»

«እቀየማለሁ።»

«ቃል ሳልገባልሽ በምን መብትሽ?»

ጽሑፌ ሲያነክስ የኖረው እዚህ ጋ ነበር፤ ያለ ቃል ግዴታ የለም እያልኩ፣ ቃል ካልገባችልኝ ሰው ግዴታ እጠይቃለሁ። ታደለ ለእኔ ሊከራከር ገባ፣ ሌሎቹ በእሱ ላይ ተነሡ፤ ሽሮው ቀዘቀዘ፣ የከሰዓቱም መርሐ ግብር ዘገየ። ቀስ በሉ ያለን የለም። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ተሸንፌ አላውቅም።

ወልድያ

በማግሥቱ ተመለስኩና በቀጥታ አማካሪዬ ቢሮ ሄድኩ።

«ተቃወሙሽ?»

«ግማሹን አፈረሱት።»

«ርዕስ ልትለውጪ ነዋ?»

«አልለውጥም። ሰው ቃል ሳይገባም ግዴታ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ነው የምጽፈው።»

ወንበር ሳቡልኝ። ሌላ ጉባኤ ከተጠራሁ፣ ጽሑፌን ከማንበቤ በፊት ማስታጠቢያው የት እንዳለ እጠይቃለሁ።