ያልተሳበው ገመድ

ቀለም ቀቢው በሥራ ቦታ «ሰባኪው» ነው የሚባለው። ሳይጸልይ የቀለም ባልዲ ክዳን አይከፍትም። የልስን ሠራተኞቹ «ሰባኪው ካልባረከው ቀለሙ አይይዝም» እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም አይቀየምም። እውነቱን ለመናገር፣ ከሚገባው ትንሽ በላይ ደስ ይለዋል።

አብሮት የሚሠራው የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው። ሙያውን ያስተማረው፣ እህቱን የዳረለት፣ አሥራ ስምንት ዓመት ከጎኑ ግድግዳ የቀባ ሰው። ሚስቱ «ጋሼ» ትለዋለች፣ እሱም «ጋሼ» ይለዋል። መወጣጫ ላይ ጋሼ ያወጣው አንድ ሕግ አለ። ላይ ያለው ጣውላውን ከቋሚው እንጨት ጋር ያስርና የገመዱን ጫፍ ወደ ታች ይለቃል። ታች ያለው በሁለት እጁ ይዞ በሙሉ ክብደቱ ይንጠለጠልበታል፤ ቋጠሮው ከያዘ «ስቤዋለሁ» ይላል። ያን ቃል ሳይሰማ ጣውላው ላይ የሚቆም የለም።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ባለ ሦስት ፎቅ ትምህርት ቤት ይቀቡ ነበር። ጋሼ ከሁለተኛው ፎቅ «ሳበው» ብሎ ገመዱን ሲለቅ፣ ሰባኪው እጁ እስከ ክርኑ ሳሙና ውስጥ ነበር። ብሩሽ እያጠበ ነው። በዐሥር ሰዓት የጸሎት ጉባኤውን የሚመራው እሱ ስለሆነ እንዳይዘገይ ልቡ ተንጠልጥሏል። ደግሞስ የጋሼ ቋጠሮ መቼ ተፈትቶ ያውቃል? ቀና እንኳ ሳይል «ስቤዋለሁ» አለ።

ገመዱ አዲስ ናይለን ነበር፤ ያሟልጫል። ቢስበው ኖሮ ቋጠሮው ያኔውኑ ይፈታ ነበር። ጋሼ ሲቆምበት ግን ቋጠሮው ተፈታና የጣውላው አንዱ ጫፍ ከዳው። የወደቀው አሸዋ ክምር ላይ ስለሆነ ነፍሱ ተረፈች፤ የጭኑ አጥንት ግን ሁለት ቦታ ተሰበረ።

በዚያ ሳምንት ያገኘው ሰው ሁሉ «ፈተና ነው፣ በርታ» አለው። ሰባኪው አንገቱን ደፍቶ «አሜን» እያለ ተቀበለ። እሁድ ጉባኤ ፊት ቆሞ እግዚአብሔር በፈተና ጊዜም እንደማይጥል መሰከረ። ሴቶቹ አለቀሱ፤ የጉባኤው ሽማግሌ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ከተናገረው ውስጥ አንድም ሐሰት አልነበረም። ያልተናገረው ነው ያነቀው።

ከዚያ ወዲያ ጸሎት እንቢ አለው። «አባት ሆይ» ብሎ ይጀምርና ሳሙና ውስጥ ያሉት እጆቹ ይታዩታል። እነሱን እንዳያይ ወዲያ ወዲህ መሮጥ አበዛ። በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ጋሼ ጋ ሄዶ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ መዝሙረ ዳዊት ያነብለታል፣ ጀርባውን ያሸዋል፣ ያጥበዋል። ሚስቱ «እናቴ የወለደችው ወንድም እንኳ እንዲህ አያደርግለትም» ስትለው፣ ከማዕዱ ተነሥቶ ውሃ ይቀዳል።

በአምስተኛው ሳምንት መጨረሻ ጋሼ ቤት ሲገባ የጋሼን የዕቃ ቦርሳ በር ሥር ተቀምጦ አገኘ። ብሩሾቹ፣ መፋቂያዎቹ፣ ሁሉም ታጥበው ተደርድረዋል።

«ውሰዳቸው» አለ ጋሼ። «ብድንም ከእንግዲህ ወዲያ መወጣጫ ላይ አልወጣም።»

«ምን ሆነው ነው ጋሼ?»

ጋሼ ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገ። አንድ ክንድ የምትሆን ገመድ ከአልጋው ብረት ጋር ታስራለች፤ ከመታሰርና ከመፈታት ብዛት ተተልትላለች። «ቀኑን ሙሉ ይህን ሳስርና ስፈታ ነው የምውለው። የት ላይ እንደተሳሳትኩ አልገባኝም። አንተ ስበኸው እንኳ ከተፈታ፣ እጄ ሞቷል ማለት ነው። ነገ አንተን ብገድልህስ?»

ሰባኪው መጽሐፉን ዘጋ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሰበረው አጥንት ብቻ ይመስለው ነበር።

«ጋሼ፣ አልሳብኩትም» አለ። «ብሩሽ እያጠብኩ ነበር። ገመዱን አልነካሁትም። ዋሽቼዎታለሁ።»

ጋሼ የገዛ እጆቹን አገላብጦ አየ። ኋላ ድምፁን ሳያነሣ፣ «ሠላሳ አምስት ቀን ይህን እጅ ስረግም ከረምኩ» አለ። «አንተ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠህ መዝሙር ታነብልኛለህ። ውጣልኝ።»

ማታ ለሚስቱ ነገራት። ራቱን አቀረበችለትና ሌላ ክፍል ገባች። እሁድ ጉባኤው ፊት ቆሞ ያስቀረውን ተናገረ። በዚህኛው ምስክርነት ማንም አላለቀሰም። ሽማግሌው ወደ ጎን ወስደው ለጊዜው ጸሎት ከመምራት እንዲያርፍ ነገሩት፤ «እሺ» አለ። ብቻውን ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገድ ላይ ከአፉ የወጣው «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ማረኝ» የሚል ብቻ ነበር። እነዚያ ያማሩ ቃላት አንዳቸውም አልመጡለትም። ግን ሳሙናው ውስጥ ያሉትን እጆች እያያቸው መጸለይ ቻለ። የድሮው እምነቱ ሳይፋቅ እንደተቀባ ግድግዳ ነበር፤ የዚያን ቀን ቀለሙ ረገፈና ከሥሩ የቀረውን፣ ጥቂት ቢሆንም፣ በእጁ ዳሰሰው። በየቀኑ ጋሼ ደጅ ሄዶ ያንኳኳል። አይከፈትለትም፤ ደህንነቱን ከጎረቤት ጠይቆ ይመለሳል። በማግስቱም ይሄዳል።

ከሦስት ወር በኋላ ሰባኪው የአንድ ክሊኒክ ግድግዳ ላይ ነበር። ጣውላውን አሰረና ጫፉን ለቀቀ። አሁን አብሮት የሚሠራው አንድ ልጅ እግር የልስን ሠራተኛ ነው፤ ወትሮ ወዲያው ነበር የሚስበው፤ ዛሬ ግን «ስቤዋለሁ» የሚለው ቃል ዘገየ። ሰባኪው ጎንበስ ብሎ አየ። ጋሼ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ገመዱን ከልጁ እጅ እየተቀበለ ነው።

አንዴ ሳበ። አረፈ። እንደገና ሳበ። ኋላ ደህናው እግሩን መሬት ተክሎ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት፤ ፊቱ በላብ ተጠመቀ። ሰላምታ አልሰጠም፣ ይቅር ብዬሃለሁም አላለም።

«ስቤዋለሁ» አለ።

ሰባኪው አንድ እጁ ቋሚው እንጨት ላይ፣ እግሩ መሰላሉ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለ ጋሼ ከታች። «ቃሉን ሰምተህ የለም?»

ሰባኪው እጁን ከእንጨቱ ላይ አነሣና በሁለት እግሩ ጣውላው ላይ ቆመ።